ቀርፋፋው ከፊት

ኅዳር 15 ቀን 2018፣ ሰኞ

ይህ ደብተር የተማሪ ውጤት መያዣ ነበር። ግማሹ ባዶ ስለቀረ ንዴቴን እጽፍበታለሁ። ለሰው ባወራው ጭቅጭቅ ነው የሚሉት።

ትናንት እትዬ ዘሃራ እግሯ ተሰበረ። ጥቁሩ ድንጋይ ላይ። ጥቁሩ ድንጋይ የእኛ መንገድ አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ዳገት ወጥቶ የማያውቅ ሰው ይዤ ስወጣ አንድ ቀን እንኳ ወደዚያ ዞሬ አላውቅም። የወሰዳቸው በድሩ ነው፣ ያ መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ቤት ያለው። ጠዋት ስንነሳ "ወደ ድንጋዩ እንዳትዞር" ብዬው ነበር፤ እትዬ ዘሃራ አጠገባችን ቆማ ዱላዋን እያስተካከለች ሰምታለች። እሱ ግን "እዚያ ላይ ፎቶ ብንነሳ የጨፋ ሜዳ በሙሉ ከኋላችን ይታያል" ብሎ ስምንት ሰው ከሰልፍ አስወጣ። እኔ እንደ ወትሮዬ መጨረሻ ላይ ነበርኩ፣ የሐጂ ከማልን የጫማ ክር እያሰርኩ። ቀና ስል ከሰልፉ ሰው ጎድሏል። ከዚያ ጩኸቷን ሰማሁ።

አራት ሆነን ተሸክመን አወረድናት። በድሩ ስልኩን እንደያዘ ከፊት ከፊት ይሄድ ነበር።

ዛሬ ትምህርት ቤት ስገባ የሒሳብ መምህሩ "ዓዲላ፣ አሮጊት ድንጋይ ላይ ታወጫለሽ አሉ" አለኝ እየሳቀ። ማን አለ? በድሩ። "ውሰዳቸው ያለችኝ እሷ ናት" ብሏል።

ኅዳር 17

እትዬ ዘሃራን ልጠይቅ ቤቷ ሄድኩ። እግሯ በጀሶ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተቀምጧል። በድሩ ፍራሹ ላይ ተደላድሎ ብርቱካን ይልጣል፣ እንደ ገዛ ቤቱ። ቤቱም ሊሆን ነው። የእትዬ ዘሃራ ልጅ ሰልማ እጮኛው ናት፤ ኒካሁ ከዒድ በኋላ ነው።

"መምህርት፣ አብሽሪ፤ ማንም አልወቀሰሽም" አለኝ። ቤቱ ውስጥ ስድስት ጠያቂ ነበር። ስድስቱም ዞረው አዩኝ።

"እትዬ፣ ጠዋት ለበድሩ ምን እንዳልኩት ሰምተሻል። ንገሪያቸው" አልኳት።

እትዬ ዘሃራ ግድግዳውን አየች። "እኔ ምን አውቄ ልጄ። መውደቄን ብቻ ነው የማውቀው። አልሐምዱሊላህ፣ እግር ነው፤ ይድናል።"

ታውቃለች። ወላሂ ታውቃለች። ለልጇ ትዳር ስትል ዋጠችው። ስወጣ ከኋላዬ አንዷ "ትንሽ እንኳ አላፈረችም" ስትል ሰማሁ።

ኅዳር 20

ከቴሌግራም ግሩፑ አስወጡኝ። ግሩፑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። በድሩን አድሚን ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ "ፎቶ ቶሎ ቶሎ እንዲለጥፍ"። የራሴ ጥፋት ነው። የእጄን ነው ያገኘሁት።

ኅዳር 28፣ እሁድ

እሁድ ቤት ውስጥ መዋል ረስቻለሁ። ልብስ አጠብኩ፤ የታጠበውን ደግሜ አጠብኩ። ባለቤቴ ቶፊቅ ሚኒባሱን ሊሠራ ወጥቷል። እስኪ ቁጭ ብዬ በደንብ ልጻፈው፣ ማን ምን እንደሠራ ይታወቅ።

መጀመሪያ አራት ሰው ነበርን። ሐኪሙ እትዬ ዘሃራንና ሐጂ ከማልን "ስኳራችሁ ካልተራመዳችሁ አይወርድም" አላቸው። ሁለቱም ነጋዴ ናቸው፤ ከሱቅ ቤት፣ ከቤት መስጊድ በባጃጅ። እኔ የስፖርት መምህርት ነኝ፤ ኑ እሁድ እሁድ ይዣችሁ ልውጣ አልኩ። የመጀመሪያው ቀን አስፋልቱ የሚያልቅበት ድረስ ሄደን ተመለስን፤ ሐጂ ከማል ሦስት ጊዜ ተቀመጡ። በወሩ ጅረቱን ተሻገርን። በስድስት ወሩ ጉብታው ላይ ወጥተን ጨፋን ከላይ አየነው፣ የቦርከና ወንዝም መሀሉ ላይ ተጠማዞ። እትዬ ዘሃራ "እዚህ ተወልጄ ሀምሳ ስድስት ዓመት፣ አገሬ ይህን ያህል ሰፊ መሆኑን አላውቅም ነበር" ብላ አለቀሰች።

ሕጋችን አንድ ነው፤ ቀርፋፋው ከፊት ይሄዳል። ፈጣኑ በእሱ ልክ ይራመዳል፣ ማንም ወደ ኋላ አይቀርም፣ ማንም አያፍርም። "ሱታ፣ ሱታ" እንባባላለን፤ በኦሮምኛ ቀስ፣ ቀስ ማለት ነው። መሪዋ ከኋላ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ብቻዬን መንገዱን ቀድሜ እሄደዋለሁ። ጅረቱ ሞልቶ እንደሆነ፣ ውሻ የፈታ ቤት እንዳለ፣ ማሽላው ታጭዶ የትኛው ማሳ እንደተከፈተ አያለሁ። እሁድ ክፉው ቦታ ስንደርስ ሁሉም እስኪያልፍ እዚያ ቆሜ እጠብቃለሁ።

በድሩ የመጣው በዓመቱ ነው፤ የሰው ቁጥር ሠላሳ ሲሞላ። ከለጠፋቸው ሁለት መቶ ፎቶዎች እኔ በሦስቱ አለሁ፤ በሁለቱ ጀርባዬ ነው። ሰው ታዲያ መሪው ማን ነው ቢባል ማንን ያስብ?

ዛሬ ሠላሳ ሁለት ሰው ይዞ ወጣ። ቶፊቅ ከመንገድ አይቷቸው መጣ። "ፈጣኖቹ ከፊት ናቸው፤ ሐጂ ከማል ብቻቸውን ከኋላ ይንገዳገዳሉ" አለኝ። ባይነግረኝ ይሻል ነበር።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

ዛሬም ቀድሜ ሄድኩ። እግሬ ለምዶት ነው። ቶፊቅ "ማንን ልትመሪ ነው?" አለኝ። ሰይጣንን አልኩት። "እሱስ መንገዱን ያውቃል" አለና ተኛ።

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ

ጉብታው ወገብ ላይ፣ ዋርካው አጠገብ፣ ገበሬውን አባ ጀሚልን አገኘኋቸው። ከድሮ ቤታቸው ፍርስራሽ ላይ የማሽላ አገዳ ይከምራሉ። ቤተሰቡ ወደ መንገዱ ከወረደ ቆይቷል፤ የቀረው ካቡና ጉድጓዱ ነው። የድሮ ሰው ማሽላውን እንዴት እንደሚያስቀምጥ የከተማ ልጅ አያውቅም። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ እህሉ ይሞላል፣ በእንጨትና በጭቃ ይደፈናል።

"አካም ጂርታ መምህርት?" አሉኝ። "ሰዎችሽን ይዘሽ ስትመጪ እዚህ እንዳትቀመጡ። ቦላው፣ የእህል ጉድጓዱ፣ ሦስት ነበር፤ ሁለቱን ሞላሁት፤ ይሄ አንዱ ይቀራል። የከደነው እንጨት በስብሷል። ከብት እንዳይረግጠው ብዬ አገዳ ከመርኩበት፤ አሁን ደግሞ ከላይ ለመኝታ የተነጠፈ ይመስላል። ከዋርካው በቀኝ ይዙሩ። ለሰዎችሽ ንገሪልኝ፣ አደራ።"

እነግራቸዋለሁ አልኳቸው። ሰዎች እንደሌሉኝ ለመናገር አፈርኩ።

ታኅሣሥ 24

ዛሬ ከከሚሴ ወጣ ብሎ ወዳለው ገበያ በሚሄድ ባጃጅ ውስጥ፣ ሹፌሩ እኔ መሆኔን ሳያውቅ "ያቺ አሮጊቷን የሰበረቻት የስፖርት አስተማሪ" እያለ ለጎኑ ሰው ያወራል። ገበያው ዳር ስንደርስ ወርጄ በእግሬ ተመለስኩ።

ለበድሩ ሞት አልመኝም። ሞትማ ይገላግለዋል። እኔ የምፈልገው ሰው መሀል እንዲቆም ነው፤ ዓይን ዓይኑን እያዩት አፉ እንዲታሰር፣ የሚለው እንዲያጣ፣ ከኋላው "ትንሽ እንኳ አላፈረም" ሲባል እንዲሰማ። እትዬ ዘሃራም እዚያ ብትኖር። እሷም ግድግዳ አጥታ ብታየው። ይህን ስጽፍ ደስ ይለኛል፤ ጌታዬ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ይለኛል።

ጥር 6

ማታ ሰልማ መጣች። ተማሪዬ ነበረች። ጉልበቷ ላይ ዓይኗን ተክላ ነው የምታወራው። በድሩ የካቲት 1 ቀን "የጀማሪዎች ታላቅ ጉዞ" ብሎ ስልሳ ሰው መዝግቧል፤ ከወረዳም ሰው ይመጣል፤ ከዚያ የጉዞ ማኅበር ሊያቋቁም ነው። እስከ ጉብታው ጫፍ። እስካሁን ግን ከጅረቱ በላይ ይዟቸው ወጥቶ አያውቅም፣ መንገዱን አያውቀውማ። ሁልጊዜ እኔ የቀደድኩትን ነው የሄደው።

"መምህርት፣ መንገዱን በወረቀት ብትጽፊልኝ ብሎ ነው። አንቺ እንደሰጠሽው እንዳይሰማ።"

"ራሱ ለምን አልመጣም?"

"ያፍራል።"

በድሩ ያፍራል። እንዲህ ያለ ዜና ሰምቼ አላውቅም። ውጪልኝ ልላት አፌ ላይ ደረሰ። ከዚያ አንድ ነገር አሰብኩና "ነገ ነይ" አልኳት።

ጥር 7

ጻፍኩለት። በንጹህ ወረቀት፣ በቆንጆ እጅ ጽሑፍ። አስፋልቱ የሚያልቅበት፣ የጅረቱ መሻገሪያ፣ ውሻ ያለበት ቤት፣ ካቡን ይዞ ዳገቱ፣ ዋርካው፣ ከዚያ ጫፉ። አንድም የውሸት ቃል የለበትም። ማንም አምጥቶ ቢያነበው ዓዲላ ዋሸች አይልም።

የአባ ጀሚልን ጉድጓድ አልጻፍኩም። ወረቀቱ ሞላብኝ።

ሰልማ ወረቀቱን ተቀብላ እጄን ሳመችኝ። "ዛሬ እማን ደስ ይላታል፤ ተኳርፋችሁ መቅረታችሁ ያሳስባታል" አለች። ለእናቷ ነግራታለች ማለት ነው።

ጥር 8

ወረቀቱ ከጀርባው ባዶ ነበር። ይሁን። መሪ ነኝ ያለ ሰው ቀድሞ ይሂድና ይየው። እኔ ቀድሜ ሄጄ ነው ያየሁት። ለእሱ ዓይን ልተክልለት ነው?

ጥር 17፣ እሁድ

ቶፊቅ በስልኩ አሳየኝ። በድሩ ለጥፏል፤ "ዛሬ መንገዱን በሙሉ፣ እስከ ጫፉ፣ በእግሬ ፈትሼ መጣሁ። ለደኅንነታችሁ እኔ አለሁ።" ፎቶው ላይ ከጅረቱ ወዲህ ቆሟል። ጫማው እንደ ሙሽራ ጫማ ነጭ ነው። እዚያ ዳገት ወጥቶ ነጭ ጫማ ይዞ የተመለሰ ሰው የለም።

ሳቅኩ። ቶፊቅ ገረመው፤ ከኅዳር ወዲህ ስስቅ አላየኝም። አሁን እኮ ተያዘ። አንድ ነገር ቢሆን መንገዱን ዓዲላ ሰጠችኝ ማለት አይችልም፤ ራሴ ፈተሽኩ ብሏል። እኔ ምን አደረግኩ? ቁጭ ብዬ ነው።

ጥር 29

ዛሬ ገበያ ውስጥ እትዬ ዘሃራን አየኋት። ጀሶው ወልቋል፤ በዱላ ትሄዳለች። ልሸሽ ስል ጠራችኝ።

"እሁድ እወጣለሁ" አለችኝ። "በድሩ ከፊት እንድሄድ ነግሮኛል። እንደ ዓዲላ ሕግ፣ ቀርፋፋው ከፊት። ሰው ሲያየኝ ያለፈው እንዲረሳ ነው አለ።"

ሕጌን አሁን አስታወሰው።

ቲማቲም እያገላበጠች ጠበቀችኝ። የምናገረው ነገር እንዳለኝ አውቃ እንደሆነ አላውቅም። አቧራው በዝቶ ሻሼን አፌ ላይ ሳብኩት። "ሱታ ሂጂ እትዬ" አልኳት። "ሱታ" አለችኝ፤ ተለያየን።

ሰልማ አብራት ትሆናለች። ደግሞም በድሩ ቪዲዮ ሲቀርጽ ሁልጊዜ ከሁሉም ፊት ነው፤ እሱን ሳያልፍ ማን ይደርሳል? አይደርስም።

ጥር 30፣ ቅዳሜ

ቀድሜ ሄድኩ። አባ ጀሚል የሉም። አገዳው ከብት አሽቶት ተነጥፏል። ዋርካው ጥላውን ጥሎበታል፤ ደክሞት የመጣ ሰው ሁሉ እዚያ ነው የሚቀመጠው። በዱላዬ እንጨቱን ነካሁት፤ ገባ። ረጅም አገዳ አስገብቼ ለካሁት፤ የአንድ ወንድ ቁመት ከክንድ። ታቹ ለስላሳ ነው፣ ገለባ አለበት። እህል ከወጣለት ዘመን ሆኗል፤ የታመቀ አየር የለውም። ማንም አይሞትበትም። በወጣት ላይ ማለቴ ነው፤ ወጣት ሰው ቢገባበት።

እሾህ ቆርጬ ነበር፣ አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ፣ አፉ ላይ ላደርግበት። ከዚያ ተሸክሜው ወደ ቤት መጣሁ። ለአጥራችን ይሆናል።

ቶፊቅ "አንቺ ሴት፣ ምን ሆነሻል?" አለኝ። ራሴን አሞኝ ነው አልኩት።

የካቲት 1፣ ጠዋት

ልሄድ ነው። ለማየት ብቻ። ከላይ ካለው ቋጥኝ ሁሉም ይታያል።

የካቲት 1፣ ማታ

ሆነ። መጻፍ አልቻልኩም። እጄ ገመድ ገመድ ይሸታል።

የካቲት 2

ቋጥኙ ላይ የደረስኩት ከእነሱ አንድ ሰዓት ቀድሜ ነው። ቆሎ ይዤ ነበር፤ አልበላሁም። ሦስት ሰዓት ሲሆን ታዩ፤ በካቡ ሥር ረጅም ሰልፍ። እውነትም እትዬ ዘሃራ ከፊት ናት፣ በዱላዋ፣ ነጭ ሻሿን አስራ። ከኋላዋ ሰልማ፣ ከዚያ ሐጂ ከማል፣ ከዚያ የወረዳው ሰውዬ፣ ከዚያ ሌላው ሰው። በድሩ ከፊት የለም። ከጎን ከጎን ይሯሯጣል፤ እየቀረጸ።

ዋርካው ጋ ሲደርሱ እትዬ ዘሃራ ላቧን ጠረገች። አገዳውን አየችው፤ ጥላውን አየችው። ወደዚያ ሄደች። አሥር እርምጃ። ሰባት። ተነሳሁ። ጮህኩ። ነፋስ ነበር፤ ድምፄን ወደ ኋላ ወሰደው። ጮህኩ።

እትዬ ዘሃራ ቀና ብላ ወደ ቋጥኙ አየች። ቆመች። ዱላዋን ከፊቷ ተከለች፤ እጇን ወደ ጎን ዘርግታ ሰልማን አገደቻት። ሰልፉ በሙሉ ቆመ። በድሩ "ምነው እትዬ፣ እዚህ እኮ ነው የምናርፈው" እያለ ስልኩን ወደ እነሱ አዙሮ፣ ጀርባውን ለአገዳው ሰጥቶ፣ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየተራመደ አለፋት።

ከዚያ የለም። ሰው ነበር፣ የለም። አቧራ ብቻ።

እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ስደርስ ሰው አፉ ላይ ተጋፍቶ ሊወድቅ ነው። "ወደ ኋላ። ማንም እንዳይጠጋ። ተቀመጡ" አልኩ። ስልሳ ሰው ተቀመጠ። ከሁለት ወር ተኩል በኋላ ድምፄን ሰሙ፣ ተቀመጡ። አላህ ያሳያችሁ፣ እዚያች ደቂቃ ላይ ደስ አለኝ።

በሆዴ ተኝቼ አየሁት። ገለባ ውስጥ ተቀምጦ ትከሻውን ይዟል። ፊቱ አመድ ሆኗል። "መምህርት፣ አውጪኝ" አለ።

"ገመድ ሊመጣ ነው" አልኩት። ሁለት ልጆች አባ ጀሚል ጋ ሮጠው ነበር። "እስከዚያ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ወደ ጥቁሩ ድንጋይ ውሰዳቸው ብዬህ ነበር?"

ከፊቱ ላይ ገለባ ጠረገ።

"አልሰማሁህም በድሩ። ጉድጓዱ ጥልቅ ነው።"

"ኧረ በአላህ፣ ትከሻዬ..."

"እኔን ደግሞ የሚያመኝ ስሜ ነው። ብዬህ ነበር?"

"አላልሽኝም። እንዳትዞር ነው ያልሽኝ።" ድምፁ ከጉድጓድ ሲወጣ ይገዝፋል። መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ሁሉ ሰማው። የወረዳው ሰውዬ ሰማ። ሰልማ ፊቷን ሸፈነች።

አባ ጀሚል ገመድ ይዘው ደረሱ። ሰውየውን ሳይሆን እኔን አዩ። "ለመምህርቷ ነግሬያት ነበር እኮ፤ አደራ ብዬ" አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። አፌ ቀደመኝ። "ከግሩፑ አስወጥታችሁኝ ለማን ልንገር?" አልኩ። "ራሱ መንገዱን በሙሉ ፈተሽኩ ብሎ የለም እንዴ?" ሰው ሁሉ ወደ ጉድጓዱ አጉረመረመ። በድሩ ከታች ሆኖ ያችን ወረቀት ሊያነሳ አልቻለም። እንዳሰብኩት። በትክክል እንዳሰብኩት ሆነ።

አወጣነው። ትከሻው ወልቋል፤ ሌላ ምንም የለበትም።

ስንወርድ እትዬ ዘሃራ ከጎኔ መጣች። ዱላዋን ትታ ክንዴን ያዘች። ጅረቱ ጋ ስንደርስ "ከላይ ቆመሽ ሳይሽ ነው የቆምኩት" አለችኝ። "ዓዲላ የምትቆመው ክፉ ቦታ ሲኖር ነው ብዬ።"

"ጮህኩ እኮ እትዬ።"

"እኔ ድምፅ አልሰማሁም" አለች። "ነፋስም አልነበረም።"

የካቲት 5

ግሩፑ ውስጥ መልሰው አስገቡኝ። አድሚን። አርባ ሰው "ይቅርታ መምህርት" ጽፏል። የሒሳብ መምህሩ ተማሪ ፊት እጄን ጨበጠኝ። በድሩ ፎቶ ቤቱን አልከፈተም። ትናንት ቶፊቅ ሚኒባስ ውስጥ ተሳፋሪ ሁሉ ስለ እሱ ሲስቅ ሰምቶ መጣ። "ትንሽ እንኳ አላፈረም" ብለዋል አለኝ። የፈለግኩትን በሙሉ፣ ቃል በቃል፣ አገኘሁት።

ሰልማ ቀለበቱን መልሳለች ይላሉ። እኔ ይህን አልጠየቅኩም።

እትዬ ዘሃራ ምንም አልጻፈችም። ወረቀቱን እንደጻፍኩት ታውቃለች፤ ጉድጓዱ እንዳልተጻፈበትም አሁን ታውቃለች። ለማንም አልተናገረችም። ብትናገር ሰምቼ ነበር፤ ከሚሴ ወሬ አያድርባትም።

የካቲት 8፣ እሁድ

ይዣቸው ወጣሁ። አርባ ሦስት ሰው። አባ ጀሚል ጉድጓዱን ሞልተውታል። ሕጉ ይህ ነው አልኳቸው፤ ቀርፋፋው ከፊት። ሐጂ ከማል ከፊት ሆኑ። እትዬ ዘሃራ አልመጣችም።

አንዷ አዲስ የመጣች ልጅ "መምህርት፣ ካንቺ ጋር ስሄድ አልፈራም" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ከእሷ ራቅ ብዬ ሄድኩ።

ለእትዬ ዘሃራ ደወልኩ። አላነሳችም። እግሯ አሟት ይሆናል።

የካቲት 10፣ የረመዳን ዋዜማ

ዛሬ ሁሉም ሰው ለጾሙ ንጹህ ሆኖ እንዲገባ ይቅርታ ይጠያየቃል፤ አፉ ይባባላል። ጎረቤት ጎረቤቱን፣ ባለሱቁ ደንበኛውን። "አፉ በይኝ"፣ "አፉ ብያለሁ"፤ ምን አድርጌሽ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ለበድሩ እንኳ በሰው ልኬለት፣ እሱም በሰው መልሶልኛል። ከባድ አልነበረም። አንድ ቤት ብቻ ቀረኝ፤ አመሻሽ ላይ እግሬን እየጎተትኩ ልሄድ ስል በሩ ተንኳኳ።

እትዬ ዘሃራ ናት። ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ መጥታለች። ግቢ አልኳት፤ ደጃፉ ላይ ቆመች። እንዴት እንደምጀምር ሳስብ ቀደመችኝ።

"ዓዲላ ልጄ፣ አፉ በይኝ" አለች።

እሷ እኔን። ደንቡን ረሳሁና "ስለ ምን?" አልኳት።

"ዝም ስላልኩት።"

ኅዳር ላይ ግድግዳውን ስታይ ታየኝ። ያን ነው፣ የበድሩን ነው ብዬ ልቤ ሞቀ፤ ሦስት ወር ሊሞላው ይህችን ቃል ስጠብቅ ነበር። ለማረጋገጥ ብዬ፣ ከሞኝነቴ፣ "የትኛውን እትዬ?" አልኳት።

ዓይኔን አየችኝ። ግድግዳ አልፈለገችም።

"ሁለቱንም" አለችኝ።

የመግሪብ አዛን ተሰማ። እሷ መልሴን እየጠበቀች ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ እኔ አፌ አልከፈት ብሎኛል።